ሽምቢራ ሽምብራ አትበላም

ሻርጃ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት የአባቴ እህት፣ ለአዳዳ ዓፊያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አከም ጅርቱ? ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? የአባቴስ ጎን እንዴት ነው? እኔ ልጅዎ ሙስዐብ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ ራስ ምታት እንኳ የለብኝም።

የምሠራበት ቤት የወፍ ቤት መሆኑን ነግሬዎት አላውቅም። ከፊሌ፣ ማለት ያመጣኝ ሰውዬ፣ ለወፎቹ የሰው ሳሎን የሚያህል ክፍል ሰጥቷቸዋል፤ ቀንም ሌሊትም ቀዝቃዛ አየር ይነፍስላቸዋል። እኔ የምተኛው ከኋላቸው፣ ላባና ኩስ በሚከማችበት ጓዳ ነው። ጠዋት ኩሳቸውን እፍቃለሁ፤ ከሰዓት ለጭልፊቶቹ ድርጭት እበልታለሁ፤ አንጀቱን የማወጣው በጣቴ ነው። ሰውየው አረንጓዴውን በቀቀን ከአፉ እያላመጠ ያጎርሰዋል፤ በዚያው አፉ የጠጣውን ሻይ አጋምሶ ለልጁ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እራቴን መብላት አቃተኝ። አሁን እበላለሁ፤ መብላቴ ራሱ ያስጠላኛል።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አባቴን ደጅ አስቀምጣችሁ በባለ ሱቁ በሪድዋን ስልክ የላካችሁልኝን ቪዲዮ ስመለከት ሰውየው ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አባቴን አላየውም፤ እርስዎንም አላየዎትም። የሰማው ከበስተጀርባችሁ፣ ከሸሁ ደን ውስጥ የምትዘምረዋን ትንሿን ወፍ ነው። ደጋግሞ አስከፈተኝና "ስሟ ማነው?" አለኝ። እኛ መቼ ስም አወጣንላት? "ሽምቢራ" አልኩት። በኦሮምኛ ወፍ ማለት ነው እንጂ ስሟ አይደለም አላልኩትም። አሁን ቤቱ በሙሉ "ሽምቢራ፣ ሽምቢራ" ይላል።

አንዷን ያስይዙልኝ፤ አንድ ብቻ ነው የሚፈልገው። ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሙስዐብ አብዶ


ከከሚሴ በላይ፣ የሸሁ ደን ሥር፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሙስዐብ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከበቀቀን የተረፈ ሻይ ከመጠጣትም ይጠብቅህ። አባትህ ከአልጋ ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን የድመት ነው።

ሪድዋን ደብዳቤህን በወረቀት አትሞ ሰጠኝ። ሁልጊዜ "እማማ፣ በድምፅ ይንገሩት፤ ይቀላል" ይለኛል። ድምፄ በሰው ኪስ ሲዞር አልወድም። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ይልካል። ለዚህም ገበያ ቀን ጠብቄ ከሚሴ መውረድ አለብኝ፤ መንገዱ ደግሞ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን አላህ ነው የሚያውቀው። መልሴ ሲዘገይ አትነጫነጭብኝ።

የጻፍከውን ጠላሁት። ያቺ ወፍ ምን እንደምታህል ረሳህ እንዴ? አውራ ጣት አታክልም፤ መልኳ የተቆላ ሽምብራ ነው፤ ጉሮሮዋን ብቻ ብጫ ነካ ያደርጋታል። ከሸሁ መቃብር ዙሪያ ካለው ጥድና ወይራ በቀር መኖሪያ የላትም። ከዚያ ደን ሰው ደረቅ ጭራሮ አይለቅምም። ሌባ እንኳ የሰረቀውን እዚያ ይደብቃል እንጂ ቅርንጫፍ አይሰብርም። አንተ ደግሞ ነፍስ ያለው ነገር አውጪልኝ ትለኛለህ።

አባትህ ጠዋት ጠዋት በተኛበት ሰግዶ "መስኮቱን ክፈቱልኝ" የሚለው ለእሷ ነው። እሷ ሳትጨርስ ለማናችንም መልስ አይሰጥም። ወፍ እንዳገሩ ይጮሃል ይባላል፤ እዚያ ሄዳ ማንን ብላ ትጮሃለች? ለሰውየህ አክስቴ ሞታለች በለው።

አክስትህ ዓፊያ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳዳ ዓፊያ፤

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ስለ ሞት አይጻፉብኝ። ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። አባቴ ከአልጋ የዋለ ሰሞን ልሂድ ብዬው ነበር። ሰውየው ጭልፊቶቹ ከአደን ይመለሱ አለኝ። ተመለሱ። ከዚያ ላባቸውን ይቀይሩ አለኝ። ቀየሩ። ፓስፖርቴ እሱ ዘንድ ነው፤ የመውጫ ወረቀቴን የሚፈርመውም እሱ ነው። አሁን "ሽምቢራዋ በገባች ቀን አንተ ትወጣለህ" ብሎ በልጆቹ ፊት ምሏል።

ይህን ለአባቴ አያንብቡለት። እርስዎ ብቻ ያስቡበት።

ሙስዐብ


የሸሁ ደን ሥር፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙስዐብ፤

አላህ በሰላም ያቆይህ። አባትህን ደብቄው ነበር፤ የድመት ጆሮ ምን ይደበቃል? ሪድዋን ደብዳቤህን ይዞ ወጥቶ ደጅ ላይ ሲያነብልኝ ሰምቷል። ሲነጋ ጠራኝና "ስጪው" አለኝ። "የወፏን ድምፅ ጠግቤዋለሁ፤ ያልጠገብኩት የልጄን ነው።"

ጀይሉን ታውቀዋለህ፤ ከሰንበቴ እስከ ባቲ ፍየልና ግመል ሲደልል የሚውለውን። እሱን ነገርኩት። ወጥመድ ይዞ ይመጣል ስል የአይጥ ማጣበቂያ ይዞ መጣ። ምንጩ አጠገብ ያለውን ቅርንጫፍ ቀባው። መጀመሪያ የተያዘችው እሷ አይደለችም። ጥንዚዛ ተያዘ፣ ቢራቢሮ ተያዘ፤ ከዚያ አንድ እስስት ተያዘና ራሱን ላስለቅቅ ሲል የሆዱ ቆዳ ቅርንጫፉ ላይ ቀረ። እስስቱ ግን ገና በሕይወት ነበር። እኔ ቆሜ አየሁ፤ ጀይሉ ጫት ይቅም ነበር።

እሷን በማግስቱ አመጣልኝ። አንድ ክንፏ ከጭራዋ ጋር ተጣብቋል። በምግብ ዘይትና ለብ ባለ ውሃ አጠብኳት፤ ማጣበቂያው ከነላባዋ እየተነሣ ጣቴ ላይ ቀረ። እጄን በአመድ ብፈትገው፣ በሳሙና ብፈትገው አልለቅ አለ፤ በዚያ እጅ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ። ጀይሉ "አብሽሪ፣ ላባ ይበቅላል" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ጤፍ ሰጠኋት፣ ማሽላ አደቀቅሁላት፣ ዳቦ ፈረፈርኩላት፤ ዞራም አላየችው። ጀይሉ ምን እንደምትበላ ነገረኝ። ዝንብ ያረፈበትን ወጥ ለውሻ የምደፋ ሴት መሆኔን አገር ያውቃል። እኔው፣ ዓፊያ፣ የበግ ሳንባ ጓሮ ሰቅዬ እስኪከረፋ ጠበቅሁ። ከሥሩ ጣሳ አስቀመጥኩ። ጣሳው ውስጥ የሚወድቀውን በእንጨት እያነሣሁ አቀበልኳት፤ በኋላ እንጨቱን ፈራችው፣ በጣቴ ሆነ። የዚያን ሰሞን ምግብ አፌ አልገባም፤ ጎረቤቶቼም በደጄ ሲያልፉ ሻሻቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ። እሷ ግን በላች፣ ዳነች። ቤቴ ውስጥ አንዴም አልዘመረችም።

ጀይሉ የውሃ ሃይላንድ በጋለ ምስማር በስቶ እዚያ ውስጥ አስገባት። አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ ወደ እናንተ ለምትበር ሴት ይሰጣል። ጣሳውን በጨርቅ አፍኜ አብሬ ሰጠሁ። በሃይላንዱ አንገት ላይ ባሰርኩት ወረቀት "ሽምቢራ። ረሀብ አትችልም። ቀለቧ አብሯት አለ። አደራ" ብዬ ጻፍኩ። ቀለቧ ምን እንደሆነ አልጻፍኩም። ቢስሚላህ በምጽፍበት እጅ ያንን ስም መጻፍ ጸየፍኩ። ጣሳውን ሲከፍቱት ያዩት የለ።

እንግዲህ ና።

አክስትህ ዓፊያ


ከሻርጃ ወጣ ካለ በረሃ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ ለዓፊያ፣ ለአባቴም፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬ የምጽፈው እየሳቅሁ ነው። ሰውየው ጭልፊቶቹን ይዞ በረሃ ከወጣ ሰንብቷል፤ እኔም አብሬ አለሁ። የርስዎ ደብዳቤ ፎቶ ደርሶኛል፤ ግን እዚህ ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ አልከፈት ብሎኝ አላነበብኩትም። ከተማ ስንመለስ አነበዋለሁ። ይህን ወደ ከተማ በሚመለስ ሾፌር ስልክ እልከዋለሁ።

ሽምቢራዋ ገብታለች! የቤቱ ምግብ አብሳይ ሰሀር ተቀብላታለች። ሰሀር የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛ አትሰማም እንጂ እጇ ለሁሉም ይራራል። ወረቀትዎን አንብባ ከገበያው ምርጡን ሽምብራ ገዝታ፣ ዘፍዝፋ፣ ልጣጩን ልጣ፣ አድቅቃ በሣህን አቅርባላታለች። "አክስትህ የቀለቧን ስም ስትጽፍ ፊደል ተሳስታለች፤ ሽምብራን ሽምቢራ ብላ ነው የጻፈችው" ብላ በሾፌሩ ስልክ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ስሟም ሽምቢራ ቀለቧም ሽምብራ። እኔ የማውቀው የእህል ወፍና የሥጋ ወፍ ነው፤ የኛዋ የእህል መሆኗን ሳላውቅ አድጌያለሁ። ተጓዧ ሴት አንድ የሚከረፋ ጣሳም ነበር፣ ምግብ ተበላሽቶ መስሎኝ አየር ማረፊያው ላይ ጣልኩት ብላለች። እሱን አይዘኑበት።

ሰውየው አቅፎ ሳመኝ። አፉ የበቀቀን አፍ ይሸታል፤ ቢሆንም ቻልኩት። ለአባቴ እየመጣሁ ነው በሉት።

ልጃችሁ ሙስዐብ


የሸሁ ደን ሥር፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙስዐብ፤

ሰላምታውን ኋላ አደርሳለሁ። ሽምቢራ ሽምብራ አትበላም። ትል ነው የምትበላው። ትል፣ ትል፣ ትል። ይኸው ጻፍኩት። ትል ከጠፋ ዝንብ፣ ዝንብ ከጠፋ የእሳት ራት፣ ጉንዳን፣ ሸረሪት፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ። ለዚያች ልጅ ንገራት። እጇ ከራራ ይጸየፍ እንጂ ያቅርብ።

መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ደብዳቤህ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ይህን በእግሬ ወርጄ ነው የምሰጠው።

ዓፊያ


ሻርጃ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳዳ ዓፊያ፤

አላህ ያጽናዎት ልል ነበር፤ ለወፍ አይባልም መሰለኝ። ሁለቱን ደብዳቤዎችዎን ያነበብኩት ከበረሃ ተመልሰን፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሰሀር እንደነገረችኝ ሽምብራውን ቀምሳዋለች፤ ምንቃሯ ላይ ዱቄቱ ነበር። ከተሞላው ሣህን ላይ ወድቃ ነው ያገኘቻት። ወረቀትዎን አስነበብኳት፤ "ትል" የሚለው ጋ ስትደርስ ሸማዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። እስከ ማታ አለቀሰች። እኔን ግን አልወቀሰችኝም።

ሰውየው በተመለስንበት ቀን እንግዶች ነበሩት። ሰሀር ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣት ኖሮ አምጧት አለ። ሩዝ በበላበት በቅባታም እጁ በአንድ እግሯ አንጠልጥሎ አሳያቸው፤ "ይህች ነበረች" አላቸው፤ ከዚያ አጥንት ከሚጠራቀምበት ሣህን ላይ አኖራትና መብላቱን ቀጠለ። ሣህኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከአጥንቱ ስለያት ላባዋ ስብ ጠጥቶ ነበር።

ማታ ጠርቶኝ አሁን ጥንድ እፈልጋለሁ፣ ባይሆን ብዙ ይላኩና የተረፉት ይቀራሉ አለኝ። የመውጫውን ወረቀት ከዚያ በኋላ እፈርማለሁ አለ። እሺ አልኩት።

አዳዳ፣ ይቆጡኝ። ግን ጀይሉ መንገዱን አውቆታል። ትሉን እኔ እዚህ አረባለሁ፤ እርስዎ በእጅዎ አይነኩትም። አባቴን ሳላየው ቢያመልጠኝስ?

ሙስዐብ


የሸሁ ደን ሥር፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙስዐብ፤

ረመዳን ነው፤ አፌን ከስድብ መጠበቅ አለብኝ። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ጀይሉ እኔን አልጠየቀም። አንድ ጠዋት ማጣበቂያ የተቀባ ሰሌዳ በአህያ ጭኖ ደኑ ገባ። የጀይሉን ስልክ ቁጥር ለሰውየህ የሰጠው ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ሰሌዳውን ከሸሁ መቃብር ራስጌ ካለው ወይራ ጀምሮ ሰቀለው። እኔ የሰማሁት ከሰዓት፣ ጩኸቱ ቤቴ ሲደርስ ነው። ዜማ አልነበረም። ሄጄ አንዱን ሰሌዳ ከግንድ ነቀልኩት። እላዩ ላይ ምን የሌለ ነገር አለ? ወፎቹ እንደ ሊጥ ተደፍድፈዋል፤ ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ በሞተው ላይ ይንፈራገጣል፣ ጉንዳን ደግሞ ዓይናቸውን ይዟል። የያዘው የኛዋን ብቻ መስሎህ እንዳይሆን፤ ክንፍ ያለው ሁሉ አለበት።

ሰሌዳውን እንዳለ ተሸክሜ ሽማግሌዎቹ የዐስር ሶላት ሊሰግዱ ከተሰበሰቡበት ወሰድኩትና መሃላቸው አኖርኩት። ሼህ ዩሱፍ፣ ያ ሲናደድ እንኳ የሚስቀው ሽማግሌ፣ ፊቱን አዞረ፤ በጾም አፉ ምራቁን ተፋ። ሴቶቹ ቢላዋና ዘይት ይዘው ወጡ። የሚድነውን አዳንን፤ ብዙ አይደለም። ጀይሉን የገደለው ወይም የመታው የለም። ሰላምታ ነው የከለከልነው። እጁን ሲዘረጋ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ ይላል፤ ያ እጅ ምን እንደነካ አይተናል። ከሳምንት በኋላ ወደ ባቲ ሄደ አሉ።

ደኑ ዝም ብሏል። አባትህ ጠዋት "መስኮቱን ክፈቱ" ይላል፤ እንከፍታለን። "ዛሬም የለችም?" ይላል። ብርድ ነው እንለዋለን። ትናንት "ብርዱ አለፈ እኮ" አለኝ። ምን ልበለው?

አንተ የሰውየውን ሻይ ተጠይፈህ ነበር። አሁን ያንኑ ሻይ ለእኛ አመጣህልን። ትል በእጄ ነክቻለሁ፤ እንደ አንተ "እሺ" ግን አልቀፈፈኝም። ፈቃድ፣ ወረቀት፣ ፊርማ ብለህ አትጻፍልኝ። ልጅ ከሆንክ ና፤ የሰውየው ወፍ አያዥ ከሆንክ ቅር።

ዓፊያ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳዳ ዓፊያ፤

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ እጄን ታጠብኩ፤ እንደገና ታጠብኩ። የድርጭቱ ሽታ ነው ብዬ ነበር። አይደለም።

ስልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሰውየው እንግዶቹ ፊት "ሽምቢራዎቼ መቼ ይደርሳሉ?" አለኝ። ሽምቢራ ማለት ወፍ ማለት ነው አልኩት። ስም የላትም፤ አገሯም ካንተ ቤት አይደለም፤ አትመጣም። ሳቀ፤ የምቀልድ መሰለው። በማግስቱ ወጥቼ ለፖሊስ እጄን ሰጠሁ። ፓስፖርቱን ከሱ ተቀብለው አገሬ ሊሰዱኝ ነው፤ ከሌሎች ብዙ ልጆች ጋር አዳራሽ ውስጥ ተኝተን ተራ እንጠብቃለን። ይህን በሰው ስልክ ነው የምጽፈው። ሻንጣም ስጦታም የለኝም። ተመልሼ ወደዚህ አገር መግባት አልችልም ብለውኛል።

ደጁን ክፈቱልኝ፤ ሌላ አልጠይቅም።

ሙስዐብ


የሸሁ ደን ሥር፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስዐብ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን አላህ ካገርህ አፈር አደረሰህ። ይህን ደብዳቤ ሪድዋን በስልኩ አላነሣውም። አሽጌ ሰጥቼዋለሁ፤ ከሚሴ መናኸሪያ ስትወርድ በእጅህ ያቀብልሃል። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃለህ።

አባትህ አለ። መምጣትህን ነግሬዋለሁ፤ ጢሙን አስተካክሉኝ ብሎ ሰው ሲያስቸግር ሰንብቷል። ትናንት ጠዋት እንደ ልማዱ መስኮቱን አስከፈተ። ከዚያ እጁን አነሣ፤ ዝም በሉ ማለቱ ነው። እኔ ምንም አልሰማሁም። ያረጀ ጆሮ የፈለገውን ይሰማል ብዬ ወደ ሥራዬ ልመለስ ስል ከደኑ፣ ከወደ ላይኛው ጥድ፣ መጣች። አንዴ ብላ ተወችው። ቆይታ ደገመች። አባትህ አልጋው ላይ ሆኖ አለቀሰ፤ እኔም መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ለማንም አልነገርንም። ለሼህ ዩሱፍም አልነገርንም።

ሽምብራ ቆልቼ አልጠብቅህም፤ ያ እህል ከቤቴ ወጥቷል። ገብስ ቆልቻለሁ። ውሃም አሙቄ አቆይልሃለሁ፤ ታጥበህ ትገባለህ፣ እኔው ራሴ አፈስልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። አዲስ ስልክ ይዘህ እንደሆነ፣ አባትህን ገና ሳታቅፈው ላንሣው ትላለህ፤ አውቅሃለሁ። ስልክህን እሪድዋን ሱቅ ትተኸው ና።

አክስትህ ዓፊያ